አፈሙዙ ወዴት ያያል? በአላስካ ወንዞች ዳር የሽጉጥ ማህደር ስለ መምረጥ

አማርኛ ለሽጉጥ ያወጣለት ስም ጠባዩን ይናገራል። ሸጎጠ ማለት ወሸቀ፣ ከዓይን ሰወረ ማለት ነውና ሽጉጥ የሚሸጎጥ መሣሪያ ነው። ባደግኩበት የጎጃም ገጠር ጠመንጃ በትከሻ ተነግቶ ለወዳጅም ለባላጋራም ይታያል፤ ሽጉጥ ያለው ሰው ግን ከወገቡ ሻጥ አድርጎ ኮቱን ወይም ጋቢውን ይደርብበታል፤ መያዙ የሚታወቀውም ሲቀመጥ ልብሱን ከሚያስተካክልበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ኑሮዬን በአሜሪካዋ አላስካ ግዛት፣ አንከሬጅ ከተማ ካደረግኩ በኋላ በመጀመሪያው በጋ ወደ ኬናይ ባሕረ ገብ መሬት ወርጄ፣ ወንዝ ውስጥ እስከ ጭናቸው ቆመው መንጠቆ የሚወረውሩ ሴቶችና ወንዶች ሽጉጣቸውን ደረታቸው ላይ በግልጽ ታጥቀው ሳይ፣ ዓሣውን ትቼ እነርሱን ስመለከት ቆየሁ። አጠገቤ የቆሙት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ሽጉጡን ከመስቀያ ማሰሪያው ጋር የለበሱት እንደ መነጽራቸው ሳያስቡት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት እኔም ሦስት ዓይነት ማህደር፣ ማለትም የሽጉጥ መያዣ፣ ገዝቼ፣ ሁለቱን ትቼ፣ በአንዱ ረግቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ያን ምርጫ እንዴት እንዳደረግኩ ነው፤ በየዓመቱ ወደዚህ አገር የሚመጡ ወገኖቼ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛልና።

ቦታው ራሽያን ሪቨር ይባላል። ከአንከሬጅ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኩፐር ላንዲንግ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ከኬናይ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ቀይ ሳልሞን ማጥመድ የሚፈቀደው ከጁን 11 ጀምሮ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 4 ማለት ነው። ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጾመ ሐዋርያት ጋር ስለሚገጥም፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር በየዓመቱ በመኪናችን ውስጥ ይነሣል፣ ሳይቋጭም እንደርሳለን። ያን ዓሣ ግን የምንፈልገው እኛ ብቻ አይደለንም። ቡናማ ድቦችም ለዚያው ወቅት ወደዚያው ወንዝ ይወርዳሉ፤ አንዳንዴ እናት ሁለትና ሦስት ግልገሎቿን አስከትላ ከአጥማጆቹ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ውስጥ ትሻገራለች። አካባቢውን የሚያስተዳድረው የደን መሥሪያ ቤት ምግብና ቦርሳ ከባለቤታቸው ከአንድ ሜትር እንዳይርቁ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የሰው ቦርሳ ውስጥ ምግብ ያገኘ ድብ ሌላ ቦርሳ ፍለጋ ይመለሳል፤ የተመለሰ ድብም ብዙ ጊዜ መጨረሻው ሞት ነው።

ስለ ማህደር ከመናገሬ በፊት መቅደም ያለበትን ልቅደም። እኔ በመጀመሪያ የምተማመነው በሽጉጡ ሳይሆን ከበርበሬ ቅመም በሚሠራው፣ በድብ ላይ በሚረጨው የድብ ስፕሬይ ነው። ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ባወጡት ጥናት፣ አላስካ ውስጥ በቡናማ ድቦች ላይ የተረጨ ስፕሬይ ከመቶ 92 ጊዜ የድቡን ያልተፈለገ ድርጊት አስቁሟል። በ2012 ስለ ጦር መሣሪያ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከ1883 እስከ 2009 የተመዘገቡ 269 ግጥሚያዎችን መርምረው፣ ሽጉጥ የተጠቀሙት ከመቶ 84 ጊዜ እንደተሳካላቸው፣ ነገር ግን መሣሪያ ይዘው ከተኮሱትና ይዘው ካልተኮሱት መካከል በደረሰባቸው ጉዳት ረገድ ጉልህ ልዩነት እንዳልተገኘ ጽፈዋል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አሳስቦኛል። መሣሪያ መያዝ ብቻውን ሰውን አያድንም፤ ሊያድን የሚችለው በጊዜው እጅ ሲገባና እጁም የሚያደርገውን ሲያውቅ ነው። እጅ ውስጥ በጊዜ መግባት አለመግባቱን በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ ማህደሩ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሽጉጤን የያዝኩት እንደ አገሬ ልማድ ወገቤ ላይ ነበር። ከላይ እስከ ደረት የሚደርሰውን ውሃ የማያስገባ የአጥማጅ ሱሪ ስለብስ ግን ሽጉጡ ከሱሪው ሥር ቀረ፤ ለማውጣት ሁለቱን የትከሻ ማንገቻዎች ፈትቼ ሱሪውን ወደ ታች መጎተት ነበረብኝ። ሱሪውን ከላይ በቀበቶ ታጥቄ ማህደሩን እዚያ ላይ ባደርገው ደግሞ ውሃው ሽጉጡን ያጥበዋል። ስለዚህ ወደ ጀርባ ቦርሳዬ አዛወርኩት። በዚያ ወር አንድ ማለዳ ቦርሳዬን ጠጠሩ ላይ አስቀምጬ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውሃው እንደገባሁ፣ አንድ ወጣት ቡናማ ድብ ከወዲያኛው ዳር ቁጥቋጦ ብቅ አለና እኔንና ቦርሳዬን ተራ በተራ ተመለከተ። በመካከላችን 30 ሜትር ያህል ቢኖር ነው። ድብ ሲሮጥ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም በሴኮንድ 15 ሜትር ማለት ነውና የነበረኝ ጊዜ ሁለት ሴኮንድ ነበር። ድቡ ዓሣውን መርጦ ወደ ታች ሄደ። እኔ ግን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከካልሲና ከዳቦ ሥር የነበረው ሽጉጥ ለምንም የማይሆን ብረት እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት የብብት ማህደር ነው። ይህ ሁለት ማንገቻዎች በትከሻ ላይ አልፈው ጀርባ ላይ የሚገናኙበት፣ ሽጉጡም ከግራ ብብት ሥር የሚንጠለጠልበት ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለአውሮፕላንና ለታንክ ሠራተኞቹ ኤም 3 የተባለውን፣ በኋላም ደረት ላይ የሚያልፍ ተጨማሪ ማሰሪያ ያለውን ኤም 7ን የሰጠው ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከወገቡ ሽጉጥ ለመምዘዝ ስለሚቸገር ነበር። እውነትም ከአንከሬጅ እስከ ወንዙ ባለው የሁለት ሰዓት መንገድ፣ የመኪና ቀበቶ ታስሮ ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የሚመች ማህደር አላውቅም። በዝናብ ልብስ ሥር ስለሚሆን መሣሪያው አይረጥብም። ክብደቱም ወደ ሁለቱ ትከሻ ይከፈላል። እኔ የገዛሁት ሽጉጡን አጋድሞ የሚይዘውን ነበር፤ እጀታው ወደ ፊት፣ አፈሙዙ ወደ ኋላ ይሆናል።

ከእኛ መካከል በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በወጣትነታቸው አገር ቤት በውትድርና ያገለገሉ ሰው አሉ። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሆፕ ከምትባል መንደር ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ ኩፐር ላንዲንግ የሚደርሰውን የሬዘሬክሽን ፓስ መንገድ በከፊል አብረን ስንሄድ፣ እኔ ከፊት ነበርኩ፣ እርሳቸው ይከተሉኛል። ሙቀት ስለነበረ ጃኬቴን አውልቄ ነበር። ሩብ ሰዓት እንደሄድን ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር ከተነሣን ጀምሮ እያየኝ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ተቆልፏል እኮ፤ ምላጩም ተሸፍኗል» አልኳቸው።

«መቆለፉን አንተ ታውቃለህ። እኔ የሚታየኝ ቀዳዳው ነው። ወይ አንተ ከኋላ ሁን፣ ወይ ያን አውልቀው።»

ከኋላ ሆንኩ፤ ቀኑንም ሙሉ ስለዚያ ቃል ሳስብ ዋልኩ። ስለ ማህደር የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ የነበረው ድቡን እያሰብኩ ነበር፦ ምን ያህል ፈጥኖ ይመዘዛል፣ ምን ያህል ይመቻል፣ ምን ያህል ይጸናል። ድብ ግን በዓመት ቢበዛ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ያውም ከሩቅ ያጋጥመኛል። ከሽጉጤ ጋር ከማለዳ እስከ ማታ አብሮ የሚውለው ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ የማህደር የመጀመሪያ ጥያቄ አፈሙዙ ቀኑን ሙሉ ወዴት ያያል የሚለው ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። አጋድሞ የሚይዘው የብብት ማህደር በዚህ ጥያቄ ይወድቃል። ሲመዘዝም አፈሙዙ ከኋላ ተነሥቶ በግራ ክንድና በግራ በኩል በቆመ ሰው ሁሉ ላይ ግማሽ ክብ ጠርጎ ወደ ፊት ይመጣል፤ ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ከብብት መምዘዝን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ መለማመድ ያልቻሉትን አመዛዘዝ ደግሞ በፍርሃት ሰዓት አገኘዋለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። አፈሙዙን ወደ መሬት የሚያደርገው ቀጥ ያለ የብብት ማህደር የተሻለ ነው፤ ለጀርባ ቦርሳ ግን ሁለቱም አይሆኑም። የቦርሳው ማንገቻ በማህደሩ ማንገቻ ላይ ይወጣል፣ ክንድ በተወዛወዘ ቁጥር እጀታው ጎንን ይፈገፍጋል፣ ጃኬቱ ከተዘጋ ደግሞ ዚፑን ሳይከፍቱ የሚያገኙት ነገር የለም።

የደረት ማህደር ከዚህ የሚለየው በአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ከሁሉም ልብስ በላይ፣ ከሁለቱም እጅ ፊት ይሆናል። አንድ ሰፊ ማንገቻ በትከሻ ላይ ያልፋል፣ ሌላው ደረትን ይዞራል፣ ሽጉጡም ከጡት በታች፣ ከሆድ በላይ ወደ ጎን አዘንብሎ ይቀመጣል። ለቀኝ እጅ ሰው እጀታው ወደ ቀኝ፣ አፈሙዙ ወደ ታችና ወደ ግራ ነው። መጀመሪያ ማህደሩን አጠልቃለሁ፣ ቀጥሎ ቦርሳዬን እሸከማለሁ፤ የቦርሳው የደረት ማያያዣ ከማህደሩ በላይ ያልፋል። ቦርሳዬን አውርጄ ዓሣ ሳጸዳ፣ እንጨት ስለቅም ወይም ወደ ዱር ዞር ስል ማህደሩ ከእኔ ጋር ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ነው። ከጀርባዬ ብወድቅ፣ ቀኝ እጄ ቢጎዳ፣ በግራ እጄም እደርስበታለሁ። ጋሼም አሁን ከኋላዬ ሲሄዱ የሚያዩት ማንገቻውን ብቻ ነው።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ጀልባ ውስጥ ስቀመጥ አፈሙዙ ወደ ግራ ጭኔ ይቀርባል፤ ጎን ለጎን በተቀመጥን ጊዜም በግራዬ ያለውን ሰው እግር ሊያይ ይችላል፤ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከግራው ጠርዝ እቀመጣለሁ። በሚመዘዝበት ጊዜ የግራ እጅ ከፊት ካለ አፈሙዙ ያልፍበታል። ለዚህ መፍትሔው ለግራ እጅ ሥራ መስጠት ነው፤ የእኔ ግራ እጅ ወደ ስፕሬዩ እንዲሄድ አስለምጄዋለሁ። ለአንገትም ቀላል አይደለም። ግሎክ 20 የተባለው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጥይት ሽጉጥ ከአሥራ አምስት ጥይቱ ጋር ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ብዙ የአላስካ ሰዎች የሚመርጡት ባለ 44 ማግነም ሪቮልቨር ደግሞ፣ የድሮ ሰዎች ስድስት ጎራሽ የሚሉት ዓይነት ማለት ነው፣ ባዶውንም ብዙ ጊዜ ከዚያ አያንስም። ማንገቻው ጠባብ ከሆነ በሦስተኛው ሰዓት ትከሻን እንደ ገመድ ይቆርጣል። አራት ጣት የሚያህል ስፋት ያለውን መፈለግ ዋጋ አለው።

ከምን ይሠራ ለሚለው ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ እኔም በሁለቱም አልፌአለሁ። በአንከሬጅ አቅራቢያ ካለችው ከዋሲላ የሚወጣው የዳይመንድ ዲ የቆዳ የደረት ማህደር በአስጎብኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ቆዳ ከደረት ጋር ይለማመዳል፣ ድምፅ አያሰማም፣ ሲያዩትም ያምራል፤ ቆዳ ፋቂ በነበረበት ሰፈር ላደገ ሰው ሽታው ራሱ ይናፍቃል። ነገር ግን ቆዳ ውሃ ይይዛል፣ የሚለፋበት ቅመምም ብረትን ይበላል። የእኔን ሪቮልቨር ሁለት ቀን ዝናብ ከመታው በኋላ ሳላወጣው አሳደርኩትና በማግሥቱ በርሜሉ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ዝገት አገኘሁ። ጥፋቱ የማህደሩ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ መሣሪያ በቆዳ ውስጥ አይቀመጥም፣ በቆዳ ይያዛል እንጂ። ካይዴክስ የሚባለው፣ መጀመሪያ ለአውሮፕላን ውስጠኛ ክፍል የተፈለሰፈው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ቅርጽ ላይ ይጨመቃል። ውሃ አይጠጣም፣ ሽጉጡ በትክክል ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ በእጅ ጓንት እንኳ ይመዘዛል። ችግሩ አሸዋ ነው፤ የኬናይን ውሃ ያን አረንጓዴ ሰማያዊ መልክ የሚሰጠው ከበረዶ ግግር የሚመጣው ደቃቅ ዱቄት ማህደሩ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ይሞርደዋል፤ ስለዚህ በየማታው ማጠብ ግድ ነው። ናይለን ርካሽ ነው፣ ለብዙ ዓይነት ሽጉጥም ይሆናል ይባላል፤ ለሁሉም የሚሆን ማህደር ግን አንዱንም በትክክል ስለማይዝ አልመክረውም። አሁን የምይዘው የካይዴክሱን ነው።

የትኛውንም ቢገዙ፣ ሦስት ነገር ሳያዩ ወደ ዱር አይውጡ። ማህደሩ ምላጩን ከነቀለበቱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ቅጠል፣ የጃኬት ገመድ ወይም ጣት የሚገባበት ክፍተት ካለ ያ ማህደር አይደለም። ባዶነቱ ሁለት ጊዜ የተረጋገጠ ሽጉጥ ከተቱበት በኋላ ፍራሽ ላይ ገልብጠው ያራግፉት፤ በድንጋይ ላይ ተንሸራትቶ የሚወድቅ አጥማጅ ከዚህ የባሰ ይናወጣልና እዚህ የወደቀ እዚያም ይወድቃል። ከዚያም ማንገቻውን በሰኔ ሸሚዝ ብቻ ሳይሆን በመስከረም ሹራብና በዝናብ ልብስ ላይ ይለኩት። እኔ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ሳሎን ውስጥ ጥይት በሌለበት፣ ቀጥሎም በተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ቀስ ብዬ መምዘዝንና ይበልጥ ቀስ ብዬ መመለስን እለማመዳለሁ። ሲመዘዝ መፍጠን ያስፈልግ ይሆናል፤ ሲመለስ የሚያጣድፍ ምንም ነገር የለም፤ ሳይታሰብ የሚተኮሰው ጥይት ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው መልሶ ሲከት ነው።

ስለ ሕጉ የማውቀውን ለወገኖቼ ስል በግልጽ ላስቀምጥ። አላስካ ከ2003 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ ሸጉጦም ሆነ አሳይቶ እንዲይዝ ትፈቅዳለች። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መያዝ ይችላል። በጉብኝት ወይም በትምህርት ቪዛ የመጣ ዘመድ ግን፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ ይከለከላል፤ ስለዚህ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጣ የአጎት ልጅን «እስኪ ለፎቶ ታጠቀው» ብሎ ማህደሩን ከነሽጉጡ ማልበስ እርሱንም ባለቤቱንም ወንጀለኛ ሊያደርግ ይችላል። ሽጉጥ በልብሱ ሥር የያዘ ሰው ፖሊስ ሲያነጋግረው ሳይጠየቅ ወዲያው መናገር አለበት፤ ወደ ሰው ቤት ሲገባም የቤቱን አዋቂ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ድብ ራስን ለመከላከል ከተገደለም ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ገዳዩ ቆዳውን ከነጥፍሩና የራስ ቅሉን ገፍፎና ለይቶ ለመንግሥት ማስረከብና በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት መሙላት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ከሕግ ውጭ አለ። ደረቴ ላይ ሽጉጥ ይዤ መንገድ ላይ ስሄድ፣ ከፊት የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሽጉጡን ነው ወይስ ጥቁር ሰውነቴን ነው ብዬ መጠየቄን አልተውኩም። ወንዙ ዳር ሁሉም ስለታጠቀ ማንም ልብ አይለኝም። ከከተማው አጠገብ ባሉት የእግር መንገዶች ግን፣ ልጆችና ውሾች በሚበዙበት፣ አንዲት እናት እኔን አይታ ልጇን ወደ ራሷ ስትስብ አይቻለሁ። ልወቅሳት አልችልም፤ ልቤ ግን ተነክቷል። ስለዚህ እዚያ ስፕሬዩን ብቻ እይዛለሁ። ማህደሩ የሚወጣው ከከተማው ርቀን ስንሄድ ነው። በወንዙ ዳር የሚታይ መሆኑን ግን ወድጄዋለሁ፤ የተሸጎጠ ነገር ባለቤቱን ብቻ ያሳስባል፣ የሚታይ ነገር ግን አብሮ ያለውን ሁሉ እንዲጠነቀቅና እንዲናገር ያደርገዋል፣ ጋሼ ያን ቀን እንደተናገሩኝ።

ባለፈው ሰኔም ስድስት ዓሣ ይዘን ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እርሳቸው ቤት ደረስን፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የልጅ ልጆቻቸው ዓሣውን ለማየት እየሮጡ ወጡ። እኔ ወደ በሩ ሳልቀርብ መኪናው ውስጥ ጥይቱን አወጣሁ፣ ሽጉጡን ቁልፍ ባለው ሣጥን ዘጋሁበት፣ ባዶውን ማህደር በቧንቧ ውሃ አጥቤ በረንዳው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይመለከቱኝ ነበር። ጎንበስ ብለው የማህደሩን አፍ ወደ ብርሃን አዙረው ውስጡን አዩና፣ በአውራ ጣታቸው ጥቂት አሸዋ ጠርገው፣ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል» አሉኝ። መልሼ አጠብኩት።